ከመርካቶ የተነሣ መዝሙር

ተጓዥ ሰባኪና ዘማሪ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጎህ ሳይቀድ ጊታሩን ይዞ ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ የሚሳፈረውን አገልጋይ ነው። ይህ እውነት ቢሆንም ሙሉ ታሪኩ አይደለም። የወንጌልን መዝሙር በየገጠሩ ያዳረሰው ሰውየው ብቻ ሳይሆን ካሴቱም ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከየአቅጣጫው ነጋዴ የሚመጣባት መርካቶ የተመቸች ነበረች። ጨርቅና ሳሙና ጭኖ ለሚመለስ ነጋዴ ጥቂት ካሴት መጨመር ምንም አይከብድም ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የደርግ ዘመን ነው። የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ተዘግታ ምእመናን በየቤቱ በስውር ሲሰበሰቡ፣ ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በእምነቱ ምክንያት ሰባት ዓመት ታሰረ። እሱ መንቀሳቀስ ባይችልም መዝሙሮቹ በካሴት እየተገለበጡ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፉ ነበር።

ካሴት ሰውን አይተካም የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ካሴት በሽተኛ አይጠይቅም፣ ያዘነ አያጽናናም፣ ለጥያቄ መልስ አይሰጥም። ነገር ግን መንገዱን ይጠርግ ነበር፦ ዘማሪው የማያውቀው ከተማ ሲደርስ መዝሙሩን በቃሉ የያዘ ጉባኤ ይቀበለው ነበር፣ ማደሪያና እራትም አያጣም ነበር። የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው። ያለ ፈቃድ የሚገለበጥ ካሴት መዝሙሩን ሲያሰራጭ የዘማሪውን እንጀራ ይወስድ ነበር። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ብዙ ድምፅ ባለቤቱን ሳይጠቅም ተሸጧል። በስደት ዘመን በስውር መገልበጥ መዝሙሩን ከመጥፋት አድኗል፤ በነፃነት ዘመን ግን ዘማሪው ለቀጣዩ ጉዞ የሚከፍለውን የአውቶቡስ ዋጋ መንጠቅ ነበር።