በገጠር ተማሪ ቤት የሚነሣ የትውከትና የተቅማጥ ሕመም

አንድ ሕፃን በትምህርት ሰዓት ከወንበሩ ተነሥቶ በሩ ሳይደርስ ሲያስመልስ ጓደኞቹ ይሥቁበታል፤ መምህሩም ጥቂት አፈር አልብሰው ትምህርታቸውን ይቀጥላሉ። ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን በማግሥቱ አምስት፥ በሠልስቱ ሃያ ተማሪዎች ይቀራሉ። ያን ጊዜ አንዱ ብርድ መታቸው፥ ሌላው ምች ነው ይላል።

የዚህ ዓይነቱ ሕመም ምክንያት ብዙ ጊዜ ኖሮቫይረስ የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ስሙም ከተማሪ ቤት ታሪክ ጋራ የተያያዘ ነው። በ1961 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1968) በአሜሪካ፥ በኦሃዮ ግዛት፥ ኖርወክ በተባለች ከተማ በሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ከተማሪዎቹና ከመምህራኑ እኩሌታ የሚሆኑት ባንድ ወቅት ታመሙ። ቫይረሱ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተለይቶ የታወቀው ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እንግዲህ በሽታው ባለጸጋውንም አገር ይነካል። ልዩነቱ፥ በገጠር የሚታመመው ልጅ አስቀድሞ ሰውነቱ የከሳ፥ ጤና ጣቢያውም የራቀበት ሊሆን መቻሉ ነው።

ቫይረሱ እጅግ ተላላፊ ነው፤ ከ100 ያነሱ ቅንጣቶች እንኳ ለማሳመም ይበቃሉ። ከገባም በኋላ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሕመሙ ይገለጣል። እኔ በተማርሁበት ተማሪ ቤት አንድ በርሜልና አንድ ጣሳ ነበረን፤ ሁላችንም ጣሳውን ከነእጃችን እንነክር ነበር። ከመካከላችን አንዱ ከታመመ የቀረነው ተራችንን እንጠብቅ ነበር ማለት ነው። በርሜሉ መክደኛና ቧንቧ ቢደረግለት፥ ልጁም የራሱን ኩባያ ቢይዝ ብዙ ነገር በተለወጠ ነበር።

የታመመ ልጅ ትውከቱና ተቅማጡ ከቆመ በኋላ እንኳ ሁለት ቀን ሙሉ በቤቱ ሊቈይ ይገባል። መቅረትን ያለ ልዩነት የሚቀጣ ተማሪ ቤት በሽታውን በገዛ እጁ ይጠራዋል። በዚያ ጊዜ ወላጆቹ ከጤና ኬላ የሚገኘውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው በጥቂት በጥቂቱ ያጠጡት። ልጁ ከደከመ፥ ዓይኑ ከጐደጐደ፥ ሽንቱም ከቀነሰ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ክትባትስ? ሮታቫይረስ ለተባለው ለሌላው የተቅማጥ ቫይረስ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለጨቅላ ሕፃናት ክትባት ይሰጣል። ለኖሮቫይረስ ግን በሥራ ላይ የዋለ ክትባት የለም። እኛ ከተሜዎች በኪሳችን የምንይዘው የእጅ አልኮልም ይህን ቫይረስ እንደ ሌሎቹ ተሕዋስያን አያሸንፈውም። ስለዚህ አልኮሉን በካርቶን ወደ ገጠር መላክ የሳሙናን ቦታ አይሞላም።

ትውከት ሲፈስ ልጆቹ ከክፍሉ ይውጡ። የሚያጸዳው ሰው አፍንጫና አፉን ሸፍኖ፥ በእጁም ፌስታል አጥልቆ አፈር ወይም አመድ ያልብሰው፤ ጠርጎም ወደ መጸዳጃው ጕድጓድ ይጣለው። ከዚያም በአንድ እጅ በረኪናና በዘጠኝ እጅ ውሃ የተበጠበጠውን በቦታው ያፍስስበት።

ለእጅ መታጠቢያ በሁለት እንጨት መካከል የተንጠለጠለ፥ በእግር በሚረገጥ ገመድ የሚያዘነብል ጀሪካን ይበቃል። ደረቅ ሳሙና ይጠፋል፥ ይሰረቃልም፤ በውሃ መያዣ ፕላስቲክ የተበጠበጠ ዱቄት ሳሙና፥ ሕዝቡ ኦሞ የሚለው፥ ግን ርካሽ ነው፤ የሚሰርቀውም የለም።

ችግሩ ውሃው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ የቀን ተማሪ በቀን 5 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል ይላል። 500 ተማሪዎች ላሉት ተማሪ ቤት ይህ 2,500 ሊትር፥ ማለት ባለ 20 ሊትር 125 ጀሪካን ነው። ይህን ሁሉ ሴቶች ልጆች ከትምህርታቸው ተነሥተው ይቅዱት የሚል ካለ ስሌቱን አልሠራም። የጣራ ውሃ ማጠራቀሚያ፥ የአህያ ኪራይ፥ የሳሙና መግዣ በበጀት ውስጥ በስማቸው ሊጻፉ ይገባል፤ «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚለው ሥር የተጣለ ሳሙና አይገዛም።

ከእናንተም መካከል ለቍጥጥር ወደ ገጠር የምትወጡ አላችሁ። በቅጹ ላይ «የእጅ መታጠቢያ አለ» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጀሪካኑን በእጃችሁ አንሡት። ቀላል ሆኖ ካገኛችሁት፥ በስተመጨረሻ የሞላው ማን እንደ ሆነና መቼ እንደ ሞላው ጠይቁ፤ መልሱንም ከፊርማችሁ በላይ ጻፉት።