የነቀምቴ ባንኮኒና ጨጨብሳው

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ነቀምቴ፣ ወደ ጊምቢና ወደ ደምቢ ዶሎ፣ ወደ በደሌ፣ ዐባይንም ተሻግሮ ወደ ቡሬ የሚወስዱት መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ስለ ሆነች፣ ጎሕ ሳይቀድ የሚነሣ መንገደኛ ከቶ አይታጣባትም። ይህ መንገደኛ አውቶቡሱ ጥሎት እንዳይሄድ ይሠጋል፤ ስለዚህም በከተማይቱ አንድ ባንኮኒ፣ አንድ ምጣድ፣ አንድ መጥበሻና ጥቂት ዱካዎች ብቻ ያሏቸው ትንንሽ ቁርስ ቤቶች ያገለግሉታል። መብሉ በባንኮኒው ላይ ይታዘዛል፤ ባለቤቲቱም እዚያው በዓይን ፊት ሠርታ ታቀርበዋለች። ፉልም፣ እንቁላልም፣ ሻይም ይገኛል። የእነዚህ ቤቶች ክብር ግን ጨጨብሳው ነው፤ ሰውም ይህን ክብር አሳንሶ ስለሚያየው ነገሩን ማስረዳት ይገባኛል።

ብዙ ሰው፣ በተለይም ከሩቅ የመጣ እንግዳ፣ ጨጨብሳን እንደ እንጀራ ፍርፍር ይቈጥረዋል፤ ያደረ ነገር እንዳይጣል በቅቤ የሚታደስበት ዘዴ ነው ብሎም ይገምታል። ይህ ግምት ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ፍርፍር ብሑእ ከሆነ ሊጥ የተጋገረ፣ አብዛኛውን ጊዜም ያደረ እንጀራ፣ ሽንኩርትና ውሃ ባለበት ቍሌት ርሶ የሚሠራ መብል ነው፤ የራሱም ማዕርግ አለው፤ አልነቅፈውም። ጨጨብሳ ግን የሚሠራው ከናእት፣ ይኸውም እርሾ ካልነካው ሊጥ ነው፤ የጤፍ ወይም የስንዴ ዱቄት በውሃና በጨው ይለወስና ሳይቦካ በጋለ ምጣድ ላይ ቂጣ ይሆናል። ሽንኩርት አይገባበትም፤ ሊጡ ከተለወሰበት ውሃ በቀርም ሌላ ውሃ አይደርስበትም። እንጀራው በማደሩ ለፍርፍር የተመቸውን ያህል፣ ቂጣው ከምጣድ በወጣበት ቅጽበት ካልተቈረሰ ለጨጨብሳ የማይበጅ ስለ ሆነ፣ የሁለቱ ጠባይ ፈጽሞ ተቃራኒ ነው።

የጥበቡ ሁሉ ምሥጢር ያለው በዚሁ ቅጽበት ነው። ቂጣው ትኩስ ሳለ ልስልስ ነው፤ በጣት ሲቈረስም እንፋሎቱ እየወጣ የተቈረሰው ጠርዝ ሁሉ ቅቤውን ለመቀበል ክፍት ይሆናል። ጥቂት ከዘገየ ግን ይደርቃል፤ ቅቤውም ወደ ውስጥ መዝለቁ ቀርቶ ከላይ እንደ ተቀባ ይቀራል፤ በላተኛውም ይህን ቀምሶ «ቅቤ በዛበት» ይላል፤ የበዛው ግን ቅቤው ሳይሆን የቂጣው መዘግየት ነው። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ አንዲት እናት ጣታቸው እየተቃጠለ ሲቈርሱ አይቼ አዘንኩና፣ «አዮ፣ ጥቂት ቢበርድልዎ ምናለ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ እጃቸውን ሳያቋርጡ፣ «የበረደ ቂጣ ቅቤ አይጠጣም፣ ልጄ» አሉኝ። ስለ ጨጨብሳ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ከማንም አልሰማሁም።

ከቂጣው ቀጥሎ የሚመጣው የበርበሬው ሥርዐት ነው። በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረው ቅቤ በመጥበሻ ላይ ለዘብ ባለ እሳት ይቀልጣል፤ በርበሬውም አስቀድሞ በቅቤው ውስጥ ገብቶ መዓዛውን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው የተቈረሰው ቂጣ የሚጨመረው። በርበሬውን በደረቁ ቂጣ ላይ የሚነሰንሱ አሉ፤ ያን ጊዜ አንዱ ጉርሻ ያቃጥላል፣ ሌላው አልጫ ይሆናል። እሳቱን የሚያበረቱም አሉ፤ ያን ጊዜ በርበሬው አርሮ ይመራል። ማሩ በመጥበሻ ውስጥ ገብቶ ቢሞቅ ሁሉን ነገር ሙጫ ስለሚያደርገው፣ ለብቻው በጎን ይቀርባል፤ እርጎም እንዲሁ።

እንግዲህ ሊጡን ከምጣዱ፣ ምጣዱን ከመጥበሻው፣ መጥበሻውን ከበላተኛው የሚለየው ርቀት አንድ ክንድ ብቻ በሆነበት ቤት ጨጨብሳ ማማሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ትልቁ ሆቴል ወጥ ቤቱን በጓሮ፣ እንግዳውን በአዳራሽ ስላደረገ፣ አስተናጋጁም የአምስት ሰው ትእዛዝ አጠራቅሞ ስለሚያመጣ፣ በነጭ ሳሕን ያጌጠው ጨጨብሳ ገበታ ላይ ሲደርስ ቅቤው መርጋት ጀምሯል። የባንኮኒው ጠባብነት እንደ ድህነት ምልክት ይታያል፤ እኔ ግን የጣዕሙ ምክንያት እርሱ ነው እላለሁ። ስለዚህም ጨጨብሳ አዝዞ፣ መብሉ ከፊቱ ቀርቦ ሳለ በስልክ ረጅም ወግ የሚይዘውን ሰው በባልንጀራነት እወቅሰዋለሁ፤ የነቀምቴ ማለዳ ብርድ ቅቤን አይታገሥም፤ የዚያች ሴት የተቃጠለ ጣትም በከንቱ ይቀራል።

የሜክሲኮ ሰዎችም በየመንገዱ ዳር በእንዲህ ያለ ባንኮኒ ታኮ የሚባል መብል ይሸጣሉ፤ ቂጣቸው ቶርቲያ የበቆሎ ሲሆን በውስጡ ሥጋ ይዞ ይታጠፋል። ነቀምቴ ያለችበት ወለጋም የበቆሎ አገር ናት፤ ከነቀምቴ በስተ ምሥራቅ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ያለችው ባኮ፣ በ1993 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተለቀቀውን «ቢኤች 660» የተባለውን ድቅል በቆሎ ያስገኘው የምርምር ማእከል መቀመጫ ናት። ታዲያ የእኛ የበቆሎ ቂጣ ስለ ምን ሲታጠፍ ይሰነጠቃል ቢሉ፣ ሜክሲኮዎች በቆሎውን አስቀድመው በኖራ ውሃ ስለሚቀቅሉት ሊጡ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ እኛ ደረቁን ስለምንፈጭ አይያያዝም። እነርሱ ቂጣቸውን ማጠፍን ጥበብ አደረጉት፤ እኛ ደግሞ መቍረስን።

ጩምቦን ከጨጨብሳ ጋር የሚያምታታም አይጠፋም። ጩምቦ በወለጋ ለክቡር እንግዳና ለበዓል የሚሰናዳ፣ በቅቤና በእርጎ የሚቀርብ ወፍራም የጤፍ መብል ነው፤ ጊዜና ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ ከባንኮኒ አይጠበቅም።

ለጿሚ በላተኛ በቅቤ ፈንታ የኑግ ዘይት ይገባል፤ ጠንቃቃዋ ባለቤትም የጾሙንና የፍስኩን መጥበሻ ለየብቻ ትይዛለች፤ እንግዳው ይህን ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ወደ ባንኮኒው ሲቀርብ «አከም ቡልተን» ብሎ እንዴት እንዳደሩ መጠየቅ፣ ሲነሣም «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን ወግ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ የሚመጣ ግን ሻይ ይጠጣ እንጂ ጨጨብሳ ባይጠይቅ ይሻለዋል፤ በዚያ ሰዓት ምጣዱ ቀዝቅዟል፤ ከጓዳ የሚወጣለትም ቂጣ በጧት ተጋግሮ የተረፈው ነውና።