ዕቃው ሳይደርስ ወረቀቱ ይድረስ

መርካቶ ውስጥ የዕቃ ዋጋ በናረ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው ዶላር ነው። ዶላሩ ድርሻ እንዳለው አይካድም። ይሁን እንጂ በደረሰኝ ላይ ተለይቶ የማይታይ፣ ሸማቹ ግን የሚከፍለው ሌላም ወጪ አለ። ይኸውም ኮንቴይነሩ ያለ ሥራ ቆሞ የዋለበት ቀን ዋጋ ነው። በኮምፒዩተር የሚካሄዱ የሎጂስቲክስ አሠራሮች ጥቅምም መመዘን ያለበት ይህን ወጪ በመቀነሳቸው ነው።

በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረው የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የአሰብ መስመር በመዘጋቱ አብዛኛው የአገሪቱ ገቢ ዕቃ የሚመጣው በጅቡቲ በኩል ነው። መርከብ ካራገፈ በኋላ ለባለዕቃው የተወሰኑ ነፃ ቀናት ይሰጡታል። እነዚህ ካለፉ ሁለት ሒሳቦች መቁጠር ይጀምራሉ። አንደኛው ዕቃው ለያዘው ቦታ ለወደቡ የሚከፈል ኪራይ ነው። ሁለተኛው ኮንቴይነሩ በወቅቱ ባለመመለሱ ለመርከብ ድርጅቱ የሚከፈለው፣ ነጋዴው በተለምዶ ዲመሬጅ የሚለው ቅጣት ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ የደረሰ ዕቃም ከኪራይ አያመልጥም፤ ነፃ ቀኑ ሲያልቅ እዚያም ይቆጠርበታል።

ለማስረዳት ያህል ሦስት ኮንቴይነር ሴራሚክ ያስመጣ ነጋዴ አለ እንበል። የባንክ ሰነዱ 5 ቀን፣ ፈቃዱ 6 ቀን፣ የጉምሩክ ሥራው 4 ቀን ይፈጃሉ። ዕቃው ከደረሰ በኋላ ተራ በተራ ቢጀመሩ 15 ቀን መሆናቸው ነው። ነፃው ጊዜ 8 ቀን፣ ቅጣቱ ለአንድ ኮንቴይነር በቀን 30 ዶላር ቢሆን፣ የ7 ቀን መዘግየት 630 ዶላር ያስከፍላል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ያው 630 ዶላር በብር ሲሰላ ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

እነዚያ 15 ቀናት ግን ዕቃው ገና ባሕር ላይ ሳለ ሊያልቁ ይችሉ ነበር። ከቻይና የተነሳ መርከብ ጅቡቲ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅበታል። የኮምፒዩተሩ አሠራር የጭነት መኪናን አያፈጥንም። የሚያደርገው ነገር፣ ተራ በተራ ይሠራ የነበረው ጎን ለጎን፣ ያውም ቀደም ብሎ እንዲሠራ ማስቻል ነው።

በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት የታሰበው ለዚሁ ነው። ትራንዚተሩ ፋይል ይዞ ከቢሮ ቢሮ ከመዞር ይልቅ ማመልከቻውን በአንድ በኩል ያስገባል፤ ጉምሩክ፣ ባንኮችና ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች ከዚያው ይመለከቱታል። ጉምሩክም ዲክላራሲዮኑን በስጋት መጠን ይለያል። አረንጓዴ የወጣለት በቀጥታ ያልፋል፣ ቢጫ የወጣለት ሰነዱ ይመረመራል፣ ቀይ የወጣለት ዕቃው ተከፍቶ ይፈተሻል። በመንገድ ላይም በኮንቴይነሩ ላይ የሚገጠም ኤሌክትሮኒክ ማሸጊያ ያለበትን ቦታ በሳተላይት እየተከታተለ ያሳውቃል።

ሆኖም መሣሪያው የሚሠራው በተሰጠው መረጃ ልክ ነው። በፓኪንግ ሊስቱና በቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ የሰፈረው ክብደት ከተለያየ፣ ወይም የታሪፍ ቁጥሩ ከተሳሳተ፣ ኮምፒዩተር ስህተቱን በፍጥነት ያስተላልፋል እንጂ አያርመውም። ኔትወርክ ሲቋረጥ ወይም መኪና ሲጠፋም የተገኘው ቀን መልሶ ይባክናል።

አነስተኛ አስመጪ ይህን ለመጠቀም ውድ ሶፍትዌር መግዛት የለበትም። በኤክሴል የተዘጋጀ አንድ ሠንጠረዥ ይበቃዋል። መርከቡ የተነሳበት ቀን፣ ይደርሳል የተባለበት ቀን፣ ነፃው ጊዜ የሚያልቅበት ቀንና እያንዳንዱ ሰነድ የደረሰበት ደረጃ ይሰፈርበታል። የሰነዶቹን ረቂቅ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ከላኪው ተቀብሎ ማመሳከርም ወጪ የለውም።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በባሕር ጉዞው ሳምንታት ያለቀ ወረቀት ወደብ ላይ የሚከፈለውን ዶላር ያስቀራል። ያ ዶላር ካልተከፈለ ደግሞ በሴራሚኩ ዋጋ ላይ የሚደመርበት ምክንያት አይኖርም።