ምርቃት ያለ አሜን አይቀረጽም

የጋራ ቪዲዮ ስጦታ ሥራው ቀላል ነው። ወዳጅ ዘመድ ካለበት ሆኖ አጭር ቪዲዮ ይቀርጽና ለአንድ አሰባሳቢ ይልካል፤ እሱ ይገጣጥመዋል፤ በሠርግ፣ በምረቃ ወይም በጡረታ ሽኝት ዕለት ባለጉዳዩ ሳይጠብቅ ይከፈትለታል። ውጭ አገር ቪድዴይንና ትሪቢውትን የመሰሉ፣ ለዚሁ ብቻ የተቋቋሙ ድርጅቶች አሉ። እኛ ዘንድ ግን ቴሌግራምና ካፕካት ይበቃሉ።

ነገሩን የፈረንጅ ጨዋታ አድርጎ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። የውጭ አገር ዘመድ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ለእናቱ ይልክ የነበረበትን ዘመን ረስቶት ካልሆነ በቀር! ወላይታ ውስጥ ደግሞ ወንዱ ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ በሬ፣ ሴቷ ለቅቤ በማኅበር ሲቆጥቡ ይከርማሉ። ተሰባስቦ አንድ ነገር ማዋጣት ለበዴሳ ሰው ማን ያስተምረዋል? በዴሳ የወላይታ ዳሞት ወይዴ ወረዳ ከተማ ናት፤ ልጆቿ ሶዶ፣ ሀዋሳ፣ አዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹም ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ለጊፋታ መምጣት የቻለ ይመጣል፤ ያልቻለው ቪዲዮ ይላክ። ጊፋታ የሚውለው ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ስለሆነ ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል። አሰባሳቢው አስቀድሞ ካላንደሩን ይይ።

ቀነ ገደብ ሲሰጥ ደግሞ ሰዓቱን ያብራራ። «እስከ 12 ሰዓት ላኩ» ሲባል በዴሳ ያለው ማታ 12 ሰዓት ብሎ ይረዳል፤ አሜሪካ ያለው ዘመድ ግን የእኛን 6 ሰዓት ሊያስብ ይችላል፣ ያውም በራሱ አገር አቆጣጠር። ጸቡ ከዚህ ይጀምራል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙ ሰው የቪዲዮ ስጦታ ውበቱ በኤዲቲንግ ነው ብሎ ያስባል፤ የሚበር ልብ፣ የሚፈነዳ ርችት፣ ከስር የሚጮህ ሙዚቃ። እኔ ግን ጥሩውን ከመጥፎው የምለየው የሽማግሌዎቹ ምርቃት እንዴት እንደተቀረጸ አይቼ ነው። ምርቃት ንግግር አይደለም። መራቂው አንድ ሐረግ ይላል፣ ቤቱ አሜን ይላል፣ ቀጣዩ ሐረግ ያንን አሜን ተረማምዶ ይመጣል። አሜን ከሌለ መራቂው የት እንደሚያርፍ ይጠፋዋል፤ ወይ ይቸኩላል፣ ወይ ካሜራውን እያየ ይደርቃል።

በዴሳ አንዲት አያት ለልጅ ልጃቸው ሠርግ ሲመርቁ የተቀረጸ ቪዲዮ አይቻለሁ። ስልኩን የያዘው ወጣት ድምፁ እንዲጠራ ብሎ እስትንፋሱን ይዟል። እሳቸው የመጀመሪያውን ምርቃት አሉ፤ ጠበቁ፤ ዝም። ከዚያ ስልኩን አልፈው ልጁን አዩትና «ምነው ልጄ፣ አሜን አትልም እንዴ?» አሉት። ልጁ ደንግጦ አሜን አለ፤ ከዚያ በኋላ ምርቃቱ እንደ ጎርፍ ወረደ። ኤዲተሩም ያችን ተግሣጽ አልቆረጣትም፤ አስተዋይ ነው። አንድ እንከን ብቻ ነበረበት፤ ልጁ ከማይክሮፎኑ ጋር ተጣብቆ ስለቆመ አሜኑ ከአያቱ ድምፅ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ አሜን ባዮች ከስልኩ ጀርባ ሳይሆን ከመራቂው ኋላ ወይም ጎን ይቀመጡ። ሁለት ሦስት ሰው ይበቃል።

ኤዲተሮች ሆይ፣ ዝምታን በራሱ የሚቆርጠውን መሣሪያ እዚህ ላይ አጥፉት! በምርቃቱና በአሜኑ መካከል ያለችው ክፍተት የምርቃቱ አካል ናት። ከስሩም ሙዚቃ አታስገቡ። ለወጣቱ 20 ሰከንድ ስጡት፤ ሽማግሌውን ግን እስኪጨርስ ተዉት። በወላይትኛ የመረቀውን በአማርኛ እንዲደግም አታስጨንቁት፤ ለአማቾቹ ትርጉሙን ከስር በጽሑፍ አስገቡ። ደግሞ ምርቃቱ ሲከፈት ሳሎኑ ሙሉ ሰው ለቴሌቪዥኑ አሜን ይላል፤ ስለዚህ ድምፁን ከፍ አድርጉት።

ወጣቶቹ ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። «እንኳን ደስ አለህ፣ እንወድሃለን፣ ቻው» የሚል ቪዲዮ ተከታትሎ ሲመጣ የሚያይ ሰው ያዛጋል። መድኃኒቱ ጥያቄ ነው። ለጡረተኛ መምህር ከሆነ የቀድሞ ተማሪዎቹን «ቲቸር በምን ቀጥቶህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይመጣል፤ ማንም ማንንም አይደግምም።

የሚላከው በቴሌግራም በፋይል መልክ ይሁን፤ እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል፣ ጥራቱንም አይቀንስም። እንደ ተራ ቪዲዮ የተላከው ግን ተጨምቆ ስለሚደርስ በትልቅ ስክሪን ፊት ይደበዝዛል። ስልኩም አግድም ይያዝ፣ የሚታየው በቴሌቪዥን ነውና። በአይፎን የተቀረጸውን አንዳንድ ቴሌቪዥን በፍላሽ አይከፍተውም፤ የተጠናቀቀው ቪዲዮ በኤምፒ4፣ በኤች 264 ይውጣና ከዋዜማው በዚያው በሚታይበት ቴሌቪዥን ይሞከር። መብራት ከጠፋም ቻርጅ የተደረገ ላፕቶፕ ላይ አንድ ቅጂ ይቀመጥ፤ ድምፅ ማጉያውም በባትሪ የሚሠራ ይሁን።