011 ዘጠኝ ሆኖ ሲነበብ
የሪያድና የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ መነሻ ቁጥር አንድ ነው፤ 011። ሪያድ ሰርቨር ላይ ስለምሠራ ይህን ቁጥር ያምል በሚባለው ፋይል ውስጥ ደጋግሜ እጽፈዋለሁ፤ ፕሮግራም ሲነሣ መመሪያውን የሚያነበው ከዚያ ነው። ያለ ጥቅስ ምልክት ከተጻፈ፣ የያምል 1.1 ሕግ በዜሮ የሚጀምረውን በስምንት መደብ ይቆጥረዋል፤ አንድ ስምንትና አንድ፣ ዘጠኝ! የሱቅ መዝጊያ ሰዓትም 21:30 ተብሎ ከገባ፣ 21 በ60 ተባዝቶ 30 ሲደመርበት 1290 ይሆናል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው 1.2 ሰዓቱን እንደ ጽሑፍ ይተወዋል፤ 011ን ግን ዜሮውን ጥሎ 11 ያደርገዋል። ብዙ ፕሮግራሞች ደግሞ ዛሬም የቀድሞውን ይከተላሉ። ለዚህ ነው ሥራውን ለሚጀምሩ ልጆቻችን አጥብቄ የምነግራቸው፦ የማይደመር የማይቀነስ ቁጥር ጽሑፍ ነውና «"011"» ተብሎ በጥቅስ ይግባ። መስመር ወደ ውስጥ ስታስገቡም ታብ አትንኩ፤ ያምል የሚቀበለው ስፔስ ብቻ ነው።