ፍጥነት ሲጨምር መኪና ለምን ይቀልላል?

አዲስ አበባ፣ ኢምፔሪያል አካባቢ የቆመ ሰው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሱ አውሮፕላኖችንና በቀለበት መንገዱ የሚተላለፉ መኪኖችን በአንድነት ይመለከታል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የአየር ግፊት ነው።

የመኪና ጣሪያ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ወደ ላይ የጎበጠ ነው። መኪናው ሲሮጥ አየሩ ጉብጠቱን ተከትሎ ይፈጥናል፤ በዚያም ቦታ ግፊቱ ይቀንሳል። ከሥር ያለው ግፊት ከላይኛው ሲበልጥ መኪናው በጥቂቱ ወደ ላይ ይገፋል።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ይህ ኃይል አራት እጥፍ ያድጋል። በከተማ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ከቁጥር የማይገባው ግፊት፣ በአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ 120 ሲደርስ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። መኪናው ከመሬት ባይነሳም ጎማው አስፋልቱን የሚይዝበት ኃይል ይቀንሳል፤ መሪውም ይቀላል። በዝናብ ወቅት አደጋው ይብሳል።

ከፍታም ድርሻ አለው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በመሆኑም አውሮፕላኖች ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ያስፈልጋቸዋል። ወደ አዳማ ሲወረድ ግን አየሩ ይወፍራል፤ በእኩል ፍጥነት የሚጓዝ መኪናም የበለጠ ይገፋል።

ምርት በጣሪያ ላይ ሲጫን ደግሞ የመኪናው ክብደት ወደ ላይ ያመዝናል፤ ለጎን ነፋስም ይጋለጣል። ከባዱን ጭነት ዝቅ አድርጎ ማሰር፣ ጎማን መፈተሽና በዝናብ ጊዜ ፍጥነትን መቀነስ ግፊቱን ጨርሶ ባያስቀርም ሕይወትንና ንብረትን ያተርፋል።