ውጅግራ ይሻላል ወይስ ምንሽር? የሽማግሌዎቹ ክርክር ዛሬም አላለቀም

በቤር ሼቫ ሽኩና ጊሜል ከጎንደርና ከትግራይ የመጡ አባቶች ተሰባስበው የአገር ቤቱን ዘመን ሲያነሱ ጠመንጃም መነሳቱ አይቀርም። አንዱ ውጅግራን ያወድሳል፣ ሌላው ምንሽርን። ነገሩ የጉራ ወሬ ይመስላል እንጂ የዛሬ አዳኞችም የሚከራከሩበት ነው፦ ትልቁን አውሬ የሚጥለው የአረሩ ውፍረት ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ውጅግራ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ» ነው። በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን አረሩ 11 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ 25 ግራም ይመዝናል። በቅርብ ከመታ አጥንት ይሰብራል። ግን በጥቁር ባሩድ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚሄድ፣ ሩቅ ሲሆን እንደተወረወረ ድንጋይ ወደ ታች ይወርዳል። ጭሱም ተኳሹን ያጋልጣል። በኋላ የመጡት እነ ምንሽርና ማውዘር ጭስ በሌለው ባሩድ ቀጭን አረር በፍጥነት ይልካሉ። የ7 ሚሊ ሜትሩ ማውዘር አረር 11 ግራም ብቻ ሆኖ በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ይሄዳል።

በዚህች ትንሽ ጥይት ዝሆን ይወድቃል ቢባል ማን ያምናል? ስኮትላንዳዊው አዳኝ ዋልተር ቤል ግን ከ1000 በላይ ዝሆኖች ገድሏል፤ አብዛኞቹን በ7 ሚሊ ሜትር ማውዘር። ምስጢሩ ሁለት ነበር። የዝሆኑን ራስ ቅል አጥንቶ አንጎሉ የት እንዳለ ያውቅ ነበር። አረሩም ሙሉ በሙሉ በብረት የተለበጠ ስለነበር ሳይከፈትና ሳይጣመም ጠልቆ ይገባል። ጫፉ እርሳስ የሆነው አረር ግን ሥጋ ሲነካ እንደ ጃንጥላ ይከፈታል። ቆዳው ለሳሳ እንስሳ የሚበጀው ይሄኛው ነው፤ ቁስሉን ያሰፋል፣ እንስሳውም ቶሎ ይወድቃል። ለጎሽ ግን ወፍራምና ጠንካራ አረር ያስፈልጋል። በ1912 የወጣው 375 ሆላንድ 19 ግራም የሚመዝን አረር የሚተኩሰው ለእንዲህ ያለው ነው።

ርቀት ሲጨመር ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም፤ ቁጥሩም ተመናምኗል። እንደ ሙንኤሳ ባሉ ቦታዎች በፈቃድ ሲታደን፣ ከሸለቆ ማዶ መተኮስ ሊያስፈልግ ይችላል። እንዲህ ላለው ርቀት ብዙ አዳኞች የሚመርጡት 300 ዊንቸስተር ማግነም በሰከንድ 900 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ያም ሆኖ፣ 200 ሜትር ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ 300 ሜትር ላይ አንድ ስንዝር ያህል፣ 400 ሜትር ላይ ከግማሽ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይመታል። ነፋሱም ወደ ጎን ይገፋዋል። ሳንባ የታለመበት አረር ሆድ ይመታል፣ አጋዘኑም ቆስሎ ጫካ ይገባል፤ ለቀናት ሲሰቃይ ይቆያል። እስከ 200 ሜትር ተጠግቶ መተኮስ የሚችል ሰው ምን ቸገረው!

እዚህ እስራኤል ለአደን ሲባል ጥይት መምረጥ ብዙም የሚያገለግል አይደለም። በጥይት የወደቀ እንስሳ፣ አጋዘንም ቢሆን፣ በሸሒጣ ስላልታረደ ኮሸር አይሆንም። የዋልያ ዘመድ የሆነውን የኔጌቭ በረሃ ፍየልም በ1955 የወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ይጠብቀዋል። ከቤር ሼቫ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ስዴ ቦቄር የቤን ጉሪዮን መቃብር አጠገብ፣ ቀንዱን ወደ ኋላ ጥሎ ከጎብኚዎች ጥቂት እርምጃ ርቆ ሣር ይግጣል።